ጉራጊኛን በሃምሳ ዓመት መጀመር

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይላሉ አበው። እኔ ግን ከጠመጠምኩ በኋላ ነው ለመማር የተቀመጥኩት። ሕግ አጥንቼ ተመርቄ፣ ዕድሜዬም ሃምሳን ከተሻገረ በኋላ የአባቴን ቋንቋ ከ“ሀ” ብዬ ጀመርኩ። አባቴ ከቸሃ መጥቶ መርካቶ ሸማ ተራ አካባቢ የኖረ ነጋዴ ነበር። እኛን ልጆቹን ግን በአማርኛ ብቻ አሳደገን። ትምህርት ቤት በአነጋገራችን እንዳይሳቅብን ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬ አልፈርድበትም። ዋጋውን ግን እኔ ከፍያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት የአጎቴ ልጆች በሱቅና በአገር ቤት መሬት ተጣሉ። ሽማግሌዎች መርካቶ ውስጥ በአንድ ሱቅ ጓሮ ተቀመጡና እኔን “አንተ የሕግ ሰው ነህ፣ ስምምነቱን ጻፍ” አሉኝ። አንድ አዛውንት የመሬቱን ታሪክ በቸሃ ሲያስረዱ “ሰብ ቀጠረም” አሉ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ “ሠራተኛ አልቀጠረም” ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ሳነብ ጓሮው ጸጥ አለ። አዛውንቱ ያሉት “ሰው ገደለ” ነበር። መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በደም ካሣ ነው። እኔ የሟችን ደም የቅጥር ጉዳይ አድርጌው ነበር። የሟች ወገን የሆኑት እናት ምንም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ብቻ ሳቡ። ወረቀቱን ቀደድኩት። በማግስቱ መማር ጀመርኩ።

ለመጀመር የምትፈልጉ አንባቢያን ካላችሁ፣ እኔ ያገኘሁትን መንገድ እነሆ።

የትኛው ጉራጊኛ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። “ጉራጊኛ” የአንድ ቋንቋ ስም አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ባለ ሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት ውስጥ አሥራ ሁለት ያህል የንግግር ዓይነቶችን ለየብቻ አስፍረዋል። በጥቅሉ ሦስት ወገን አላቸው። ምዕራቡ ቸሃ፣ እዣ፣ ሙኸር፣ እነሞርና ሌሎችም ናቸው። ሰሜኑ ክስታኔ (ሶዶ) ነው። ምሥራቁ ደግሞ ስልጤ፣ ወለኔና ዛይ ሲሆኑ ለሐረሪ ቋንቋ ቅርብ ናቸው። የሚገርመው፣ በቋንቋ አጥኚዎች የዘር ሐረግ ስልጢኛ ከቸሃ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል። በነገራችን ላይ ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ስልጤውን “ጉራጊኛ አስተምረኝ” ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ምክሬ፦ የምትወዱት ሰው የሚናገረውን ምረጡ። እኔ ቸሃን የመረጥኩት አባቴ ቸሃ ስለሆነ ነው።

ጆሮን መክፈት

አማርኛ የሚችል ሰው ቸሃን ሲሰማ የሚያውቀው ዜማ ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን ያመልጠዋል። ቁልፉ ጥቂት የድምፅ ለውጦችን ማወቅ ነው። በአማርኛ “ል” የነበረው ብዙ ጊዜ “ር” ይሆናል። “ላም” የምንለው በቸሃ “አራም” ነው። “እኔ” ለማለት “እያ”፣ “አንተ” ለማለት “አኸ”፣ “እሱ” ለማለት “ኹታ”፣ “እሷ” ለማለት “ኺታ” ይባላል። “ኸ” የምትባለዋን ድምፅ ከጉሮሮ ማውጣት ካልለመዳችሁ የትም አትደርሱም።

ግዕዝ የቀመሰ ሰው እዚህ ይጠቀማል። “ሰብ” ማለት ሰው ነው፤ የግዕዙ “ሰብእ” መሆኑ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች “ሰብአዊ መብት” እያልን ስንት ዓመት ስንጽፍ፣ ቃሉ መርካቶ ውስጥ በየቀኑ ሲነገር አልሰማነውም። እኔን ያዋረደኝ “ቀጠረ”ም የግዕዙ “ቀተለ” ነው፤ “ተ” ጠንክሮ “ጠ”፣ “ለ” ደግሞ “ረ” ሆኖ።

የወጥመዶቹ ወጥመድ

አሁን ስህተቴን በደንብ ልግለጸው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ የምትመጣው “ም” ከ“አል” ጋር ሆና አፍራሽ ናት፤ “አልመጣም” እንላለን። በቸሃ ግን ባለፈ ጊዜ ግሥ ላይ የምትጨመረው “ም” አዎንታን ነው የምታሳየው። “ቀጠረም” ማለት “ገደለ” ነው። “አልገደለም” ለማለት “ም” ትቀርና ከፊት “አን” ይገባል፤ “አንቀጠረ”። የእኔ ጆሮ “ም”ን ሲሰማ የሌለ “አል” ፈጠረ። በሁለት ፊደል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ ማለት ነው።

ሌላም አለ። “ደነገ” ቢሏችሁ “ደነገገ” አይደለም፤ “መታ” ማለት ነው። “መታው” ለማለት ደግሞ ሌላ ቅጥያ አይጨመርም፤ ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ “ደነጐ” ይባላል። እንዲሁም “ነከሰ” ብሎ “ነከሰው” ለማለት “ነኰሰ” ይላሉ። አማርኛ ቃል የሚጨምርበትን ቸሃ በከንፈር ቅርጽ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የተናጋሪውን አፍ ማየት የትምህርቱ ክፍል ነው፤ በስልክ መማር ለጀማሪ አይመከርም።

መጽሐፍና ፊደል

ጉራጊኛ አይጻፍም የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉት የመንደር ሕይወት ታሪክ በሌስላው ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ታትሟል። አማርኛ የሌለውን ድምፅ ለመጻፍም በግዕዝ ፊደል ላይ ምልክት የተጨመረባቸው የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል።

ቢሆንም ዋናው መጽሐፍ ሰው ነው። መርካቶ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ችግሩ ነጋዴው ሲያያችሁ ወደ አማርኛ መዞሩ ነው። እኔ ዘዴ አበጀሁ። አንድ የአባቴን ወዳጅ አዛውንት “አባባ፣ በአማርኛ ካናገሩኝ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ፤ በቸሃ ካናገሩኝ እርስዎ ይከፍላሉ” አልኳቸው። ሳቁና በቸሃ መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 20(7) የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከተካሄደ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ያገኛል። አንቀጽ 34(5) ደግሞ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷል። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎና “ቂጫ” የሚባለው ባህላዊ ሕጉ፣ የክስታኔም “ሴራ”፣ በዚያ በር የሚገቡ ናቸው። ነገር ግን የአባቱን ቋንቋ ለማያውቅ ልጅ አስተርጓሚ የሚያቆም አንቀጽ የለም። ያንን ራሱ መሥራት አለበት።

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጆች እርቅ ሲጸና እንደገና ተጠራሁ። አዛውንቱ ስለ ገዳዩና ስለ ካሣው ከመጀመሪያው ጀምረው በቸሃ ተናገሩ። ከግማሽ በላይ ገባኝ፤ ያልገባኝንም ደጋግሜ ጠየቅኩ። የጻፍኩትን ሳነብ እኚያ እናት ነጠላቸውን ከፊታቸው አንስተው “እሱ ነው” አሉ። ይህች አጭር ቃል ከዲግሪዬ ትበልጥብኛለች።

ቸር ያሰንብተን።