«ኤክስትራ ቨርጂን» ምን ማለት ነው?

በወይራ ዘይት ጠርሙስ ላይ የሚነበበው «ኤክስትራ ቨርጂን» የደረጃ ስም ነው። ፍሬው ተፈጭቶ፣ ኬሚካል ሳይነካው በመሣሪያ ብቻ የወጣ፣ ነፃ አሲዱ ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ፣ ቀማሾችም የጣዕም እንከን ያላገኙበት ዘይት ማለት ነው። «ቨርጂን» ብቻ ከሆነ አሲዱ እስከ 2 በመቶ ይፈቀድለታል። «ላይት» የሚባለው ግን በፋብሪካ ከተጣራ ዘይት የተሠራ ነው፤ ስሙ ቀለሙንና ጣዕሙን እንጂ ካሎሪውን አይመለከትም።

ደረጃው ከጤና ጋርም ይገናኛል። ፖሊፌኖል የሚባሉት አንቲኦክሲዳንቶች ዘይቱ በፋብሪካ ሲጣራ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። በአውሮፓ ኅብረት የ2012 ደንብ መሠረት፣ አምራቹ «የደም ቅባትን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ለመከላከል ያግዛል» ብሎ መጻፍ የሚችለው በ20 ግራም ዘይት ውስጥ ቢያንስ 5 ሚሊ ግራም ሃይድሮክሲታይሮሶልና ተዛማጆቹ ሲኖሩ ነው። ጉሮሮን የሚቆጠቁጠው ኦሊዮካንታልም ከፖሊፌኖሎቹ ወገን ነውና፣ መቆጥቆጡን የብልሽት ምልክት አድርጋችሁ አትዩት።

እኛ የወተት ዕቃ የምናጥንበት ወይራ የዚሁ ዛፍ የዱር ዘመድ ነው፤ ዘይቱ የሚጨመቀው ግን በሜዲትራንያን አካባቢ በብዛት ከሚለማው፣ ፍሬው ተለቅ ካለው ወይራ ነው። ስትገዙ ጠቆር ያለ ጠርሙስና የቅርብ ጊዜ ምርት ምረጡ፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡት። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ፖሊፌኖሉን ያመናምኑታል።