ሰዓት የያዘ ፈታኝና የቆላው መንገደኛ

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ከጎንደር ደጋ ወርደው የምዕራቡን ቆላ በእግራቸው ያቋረጡ ናቸው። ሽፍታና ወታደር ፈርተው ቀን ይደበቃሉ፣ ሌሊት ይጓዛሉ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ያንን በረሃ የተሻገረ ልጅ አቅጣጫ መያዝን፣ ኮቴ ሰምቶ ወዲያው መወሰንን ያውቃል። እስራኤል ሲደርስ ግን ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቶት ተፈተነ፤ ውጤቱም ዝቅ አለ።

ለመሆኑ በሰዓት የሚሰጥ የአእምሮ ፈተና ምን ይለካል? በ1944 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የፈተና ጥራዝ ውስጥ የነበረውን፣ ዛሬም ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን አንዱን እንይ። በመጀመሪያው ክፍል ተበታትነው የተጻፉ ከ1 እስከ 25 ያሉ ቁጥሮች በቅደም ተከተል በመስመር ይያያዛሉ። በሁለተኛው ቁጥርና ፊደል ይፈራረቃሉ፦ 1፣ ኤ፣ 2፣ ቢ። ነጥቡ የፈጀው ሰከንድ ነው።

በዚያች ሰከንድ ውስጥ የዐይን ፍለጋ፣ የእጅ ቅልጥፍና፣ ተራን በአእምሮ መያዝና ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው መዝለል አብረው አሉ። ለዚህም ነው ጭንቅላቱ የተጎዳን ሰው ለመለየት የሚጠቅመው። ነገር ግን ያልተጻፉ ሦስት መስፈርቶችም አሉ፦ የፊደል ተራ ያለ ማሰብ መምጣቱ፣ እጅ እርሳስ መልመዱ፣ መቸኮል ጥሩ ነው ብሎ ማመን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እየተባለ ያደገ ሰው ረጋ ብሎ ቢሠራ፣ ሰዓቱ ጨዋነቱን እንደ ድክመት ይቆጥርበታል።

ይህን ቀድሞ የተረዳው ሩማኒያ የተወለደው እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሩቨን ፎይርስታይን ነው። ዘዴው ፈትኖ፣ አስተምሮ፣ እንደገና መፈተን ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ጹሪኤልና ሮኒት ካውፍማን ከኢትዮጵያ የሄዱ የአንደኛ ክፍል ልጆችን በዚሁ መንገድ አጠኑ። መጀመሪያ እዚያው ከተወለዱት ልጆች ዝቅ ብለው የታዩት፣ ከትምህርቱ በኋላ ልዩነቱን በእጅጉ አጠበቡት። ፈተናው የፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሰዓቱም ይሠራል፦ የመጀመሪያ ውጤት የልምድ እንጂ የችሎታ ልክ አይደለም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መተማ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎችን ተቀብላለች። በአካባቢውም በግጭት ምክንያት ከትምህርት የተለዩ ልጆች አሉ። ነገ እነዚህ ልጆች ፊት ሰዓት ተይዞ ሲቀመጥ፣ ንጽጽሩ ከኒውዮርክ ልጅ ጋር ከሆነ ጤነኛው «ዘገምተኛ» ይባላል፤ በእውነት የተጎዳውም ከሌላው ሳይለይ ይቀራል። ሰዓቱን መጣል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከራሱ ከቆላው ልጅ የተወሰደ መመዘኛ፣ ከፈተናው በፊትም የማለማመጃ ጊዜ ነው።