ስድብን ማን ይዳኘዋል?

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሰብሳቢን የሚያስቸግረው ትልቁ ስድብ አይደለም። ትልቁማ ቀላል ነው፤ ተሳዳቢውን ማስወጣት ነው። የምታስቸግረው ትንሿ ናት። «ደንቆሮ!»፣ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህና!» የምትለዋ። ዝም ካሏት ታድጋለች፤ ሁለተኛው በእጥፍ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ኮቱን አንስቶ ይወጣል። በየደቂቃው ከቀጧት ደግሞ ሰው አፉን ይዘጋል፤ ስብሰባውም የሰብሳቢው ብቻ ይሆናል። ታዲያ ልኩ የቱ ጋ ነው? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በዚህች አገር ብዙ የተመከረበትና አንዳንዴም ብዙ የተከፈለበት ነው።

እስቲ ከድሮው ችሎት እንጀምር። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ሕዝብ ከቧቸው፣ በግጥምና በተረት ይሟገታሉ። በላ ልበልሃ የሚባለው ማለት ነው። ሙግቱ ለስላሳ አልነበረም። ቃል ይወረወራል፣ አሽሙር ይወረወራል፣ ታዳሚው ይስቃል። ግን ለተናገሩት ቃል የሚከፈል ዋጋ ነበረ። ተሟጋቹ ነጥቡን በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ ከተረታ ይከፍላል። «ለአፍ ዳገት የለውም» ይባል የለ? ውርርዱ ለአፍ ትንሽ ዳገት ያበጅለት ነበር።

ሌላም ሥርዓት ነበር። በችሎት የተቀመጡት ሰዎች ፍርዳቸውን ሲናገሩ ከበታቹ ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል። ትልቁ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። ቢገለበጥ ኖሮ ትናንሾቹ የጌታቸውን ቃል ከመድገም ሌላ ምን ይሉ ነበር? ይህ ከስድብ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ይገናኛል እንጂ! ያ ሥርዓት በመጀመሪያ ያሰበው ስለ አፍ ንጽሕና ሳይሆን፣ ትንሹም ሰው ቃሉ ሳይሰበርበት ተናግሮ እንዲቀመጥ ነው።

ስለ ስድብ ከወጡ አዋጆቻችን ሁሉ የሚያስገርመው ግን የአጼ ምኒልክ ነው፤ የ1900 ዓ.ም. አዋጅ። አዋጁ የሚዘረዝራቸውን ቃላት ያየ ሰው «ይሄም ስድብ ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን ደብተራ፣ አርሶ የሚያበላውን ገበሬ እያላችሁ ሰደባችሁ ይላል። ገበሬ! ዛሬ ሰው ሥራው ሲጠየቅ ያለ ሀፍረት የሚናገረው ቃል ነው። «ሸማኔ»ም ቢሆን የሥራ ስም ነው። መዝገበ ቃላት አገላብጦ ስድብ የሚለቅም ሰብሳቢ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ቃላት አልፏቸው ይሄድ ነበር።

ንጉሡ ግን አላለፏቸውም። ያዩት ቃሉን ሳይሆን ቃሉ የሚሠራውን ነው። በስድባችሁ ማረሻ የሚሠራ ሰው እንኳ አሳጥታችሁ አገሬን ባዶ ልታስቀሯት ነው የሚል ነበር ክሳቸው። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መምጣቱን አስታወሱ፤ ባለ እጆቹን መስደብ እሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር ተናገሩ፤ ሰውን በሥራው የሰደበ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። አዋጁ ንቀቱን አጠፋው ወይ? አላጠፋውም። የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ ልጆች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን አንገታቸውን ደፍተው ኖረዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቢሆንም አዋጁ አንድ ቁም ነገር ትቶልናል፦ የስድብ ክብደት የሚለካው በቃሉ ጸያፍነት ሳይሆን፣ ከተሰዳቢው ላይ በሚወስደው ነገር ነው።

ሕጋችንም በኋላ በራሱ መንገድ ወደዚሁ ተጠግቷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 615፣ ተራ ስድብን ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ300 ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ተሰዳቢው ራሱ አቤት ማለት አለበት። ዐቃቤ ሕግ ቃል እያደነ መንገድ ለመንገድ አይዞርም። የሚያመው ማን እንደሆነ የሚያውቀው የታመመው ነዋ!

ከሕጉ በፊትና ከሕጉ ውጭ ግን ሥራውን ሲሠራ የኖረው ዕድር ነው። የዕድርን መተዳደሪያ ደንብ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ያረፈደ ይህን ያህል፣ ሰክሮ የመጣ ይህን ያህል፣ በስብሰባ ላይ የተሳደበ ይህን ያህል ይከፍላል። ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ ወዲያው ነው፣ ለሀብታሙም ለደሃውም እኩል ነው። ገንዘቡ የሚገባው ለጋራው ሣጥን ነው፤ ተሰዳቢው ይቅርታ ይባላል፣ ዕድሩ ደግሞ ስለተረበሸው ወጉ ካሣ ይቀበላል። ማባረር ግን የመጨረሻው መጨረሻ ነው። በአንዲት «ደደብ» ምክንያት ሰውን ቀባሪ ማሳጣት ማንም አይደፍርም።

እንግዲህ እነዚህ ልማዶች እያሉን ነው ወደ 1966ቱ አብዮትና ወደ ማግሥቱ የምንደርሰው። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሞልቶ ነበር። በቀበሌው፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ። በነዚያ ስብሰባዎች ላይ ሰው ያስበላው «ደደብ» የሚለው ቃል አልነበረም። «አድኃሪ» ነበር። ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» አለው፤ ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» አለው። አንዳቸውም በዕድር ደንብ የሚያስቀጡ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የተማረ ሰው ቃላት ናቸው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ቃሉ የተለጠፈበት ሰው ይታሰር፣ ይገደል ነበር። ስም የተለጠፈበት ሰው ከዚያ በኋላ ቢናገርም የሚሰማው የለም፤ ስሙ ቀድሞ ፈርዶበታላ። ሰብሳቢውም አላስቆመም። ብዙ ጊዜ ለጣፊው ራሱ ሰብሳቢው ነበርና።

«ስለዚህ ትንሿን ስድብ እንተዋት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ዕድሩ አልተዋትም። ግን በልኳ ያዛት። ሥጋቴ ወዲህ ነው፤ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ጸያፍ ቃል መልቀም ይቀናዋል። ጸያፍ ቃል ይታያል፣ ይሰማል፣ ያለ ክርክር ይቀጣል። ሥርዓት ያስከበረም ያስመስላል። በጨዋ ቋንቋ «የዚህ ዘር ሰዎች ድሮም…» ብሎ የጀመረውን ግን እስኪጨርስ ያዳምጠዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሊያስቆም የተነሣው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በፆታው ወይም በአካል ጉዳቱ የሚያስጠላና የሚያስጠቃ ንግግርን። አዋጅ ደግሞ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እዚያው ተቀምጦ የሚሰማው ሰብሳቢው ነው።

ሰብሳቢው ራሱም ዳኛ ይፈልጋል። ትችትን «ስድብ ነው» ብሎ ዝም ማሰኘት የጌቶች የቆየ ዘዴ ነው። «ሒሳቡ የት ገባ?» ያለው ሰው ድምፁ ጮክ ስላለ ብቻ ተሳዳቢ ተብሎ ከተቀመጠ፣ የተዘረፈው ሣጥን እንጂ የተሰደበ ሰው የለም።

ሰብሳቢ ለሆነ ሁሉ እንግዲህ አንዲት ቀላል ጥያቄ አለች፦ ከዚህ ቃል በኋላ የተነገረበት ሰው እዚሁ ተቀምጦ ሐሳቡን መናገር ይችላል ወይስ አይችልም? የሚችል ከሆነ ይቅርታ አስጠይቆ፣ የዕድሯን ቅጣት አስከፍሎ መቀጠል ነው። የማይችል ከሆነ ግን፣ ቃሉ የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ስብሰባውን እዚያው ማቆም የሱ ግዴታ ነው።