ወግረ ስሂን እንዴት ይምርሐነ ክርስቶስ ተባለ

በሰሜኑ የአገራችን ገጠር መንደር ስሙን ከታቦቱ መውሰዱ የተለመደ ነው። ሰው አገሩን ሲጠየቅ «ጊዮርጊስ» ወይም «ማርያም» ብሎ ይመልሳል። ላስታ ላይ ግን ይህ ልማድ ወደ ነገሥታት ተሻግሯል። የሮሐ ከተማ ዛሬ በንጉሥ ስም ላሊበላ ትባላለች። ከዚያ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በጽድ ደን መካከል ያለችው ትንሽ መንደርም ይምርሐነ ክርስቶስ ትባላለች።

የመንደሯን የቀድሞ ስም የምናገኘው በንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ገድል ነው፤ ወግረ ስሂን ይላታል። ወግር ኮረብታ፣ ስሂን ዕጣን ነው። ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ ለመቀዳቱ ብዙ መመራመር አያሻም፤ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 የከርቤ ተራራና የዕጣን ኮረብታ ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል። የላስታ ሰው መሬቱን በመጽሐፍ ስም መጥራት ይወዳል፤ ላሊበላ ላይ ዮርዳኖስም ጎልጎታም አለ።

ይምርሐነ ክርስቶስ፣ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡት የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ንግሥናን ከክህነት ጋር አጣምሮ የያዘ ነበር። ኅብስትና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት እንደነበር ይተረካል። እዚህ ላሠራው ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ዕብነ በረድ ከግብጽ አስመጣ የሚለውም ከዚያው ትውፊት ነው።

ሕንፃው ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚለየው ከዐለት ባለመፈልፈሉ ነው። ዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ተገነባ። ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ያለው ኩታ ይመስላል። የመስኮቶቹ እንጨትና ድንጋይ በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሏል፤ ጣሪያው ከውስጥ በቀለም ባጌጡ የእንጨት ገበታዎች ተሸፍኗል። አሠራሩ የአክሱም ነው። ላሊበላ ያለውን ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው እነዚያኑ ረድፎች እዚያም ያገኛቸዋል፣ እንጨት በሌለበት ዐለት ላይ ተቀርጸው! ጠራቢዎቹ ዐይናቸው የለመደውን ግንብ መተው አልቻሉም።

ወለሉ ሥር ውኃ አለ ይባላል፤ ካህናቱም ለእንግዳ የሚያሳዩት ቀዳዳ አላቸው። የዋሻውን አፍ የሚዘጋው ግንብ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለጥበቃ ይጠቅም ይሆናል፣ ለዐይን ግን አያምርም።

ቦታው ለውጭ ሰውም እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እዚህ ደርሶ፣ ዋሻው ሦስት ትልልቅ መርከቦችን ከነምሰሶአቸው የሚያስገባ መሆኑን ጽፏል። በሊዝበን እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠራው በንጉሡ ስም ነው። ያኔ ንጉሡ ካረፈ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስሙን የለወጠው አዋጅ አይመስለኝም። የለወጠው መቃብሩ ነው። ንጉሡ የተቀበረው እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ደግሞ የብዙ ሰዎች አፅም ተከማችቶ ይታያል፤ አንዳንዱ እስካሁን ቆዳው አልለቀቀም። ካህናቱ፣ ከግብጽና ከሶርያ ድረስ መጥተው ከቅዱሱ አጠገብ መቀበርን የመረጡ ምእመናን ናቸው ይላሉ። ተሳላሚ የሚጓዘው ወደ ኮረብታ ሳይሆን ወደ ቅዱስ ነው፤ ሲሳልም የሚጠራው የቅዱሱን ስም ነው። ስለዚህ መንደሯ በንጉሥ ስም ተጠራች ስንል ግማሹን ብቻ ነው የተናገርነው። ቤተ ክርስቲያን ከዛጉዌ ነገሥታት ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን እንደ ቅዱሳን ታከብራቸዋለች፤ የሦስቱም ስም የቦታ ስም ሆኗል። ላስታም ከሌላው አገር አልተለየችም ማለት ነው፤ እሷም መንደሯን የምትጠራው በቅዱስ ስም ነው፤ ቅዱሱ ዘውድ የጫነ መሆኑ ብቻ ይለያታል።

ላሊበላን ለማየት የምትሄዱ ሁሉ አንድ ቀን ጨምሩበትና ወደዚህም ውጡ። የንጉሡ በዓል የሚከበረው ጥቅምት 19 ነው፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ የሚደርቅበት ጊዜ በመሆኑ ለጉዞም ይመቻል።