ከአኮፋዳ እስከ ኖት
የቤተ ክህነት ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን «ሽምደዳ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ከስማዳ ወገዳም ሆነ ከእስቴ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ሲወጣ ኖሯል። እዚያ ሽምደዳ አለ፤ አንክድም። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው የራሱን እየቆጠረ ነው፤ የሰው ቅኔ መድገም ነውር ነው። ብቻውን ያወጣል ያወርዳል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። የሳተው ሰሙን ይሁን ወርቁን፣ አገባቡን ይሁን ቤቱን ለይቶ ያውቃል። በኋላም ታናናሾቹን ሲያስጠና የራሱ ጉድለት ይታየዋል።

አሜሪካዊው ጆን ፍላቬል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በገዛ አስተሳሰብ ላይ ማሰብን «ሜታኮግኒሽን» አለው። የቅኔ ቤት ልጅ ስሙን ሳይሰማ ሲሠራበት ኖሯል።

እኛስ? ኖት እንገለብጣለን፣ ለፈተና እናጠናለን፣ በማግሥቱ እንረሳለን። ውጤት ሲለጠፍ «ስንት አገኘህ?» እንባባላለን እንጂ «የቱ ላይ ሳትክ? ለምን?» አንባባልም። ይህን ካልለመድን ዲግሪው ይያዛል፤ ማሰቡ ግን ለሌላ ሰው ይቀራል።