አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት

አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት (በአጭሩ አህሪ) በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ከአለርት ሆስፒታል ጋር በአንድ ግቢ የሚገኝ የሕክምና ምርምር ተቋም ነው። በ1970 የተቋቋመው የሥጋ ደዌን ለማጥናት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን)፣ ሊሽማንያሲስን፣ ወባንና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችን ጨምሯል። በሥጋ ደዌ ላይ የሰውነት መከላከያ እንዴት እንደሚሠራ ካሳዩት ቀደምት ጥናቶች አንዳንዶቹ የተካሄዱት እዚህ ነው። ከቲቢ ባክቴሪያ ዝርያዎች መካከል «7ኛው የዘር ሐረግ» የተባለውን ለዓለም ያስተዋወቀው ጥናትም የተመራው ከዚሁ ተቋም ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና አመሠራረቱ

ተቋሙ የተሰየመው በኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን (1841–1912) ነው። ሐንሰን በበርገን ከተማ ሲሠራ በ1873 ከታማሚዎች በተወሰደ ናሙና ውስጥ ዛሬ ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የሚባለውን ባክቴሪያ አየ። በዚያ ዘመን ብዙዎች የሥጋ ደዌን በዘር የሚወረስ ወይም የእርግማን ውጤት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። የሐንሰን ግኝት ግን በሽታው በረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚመጣ አመለከተ።

የዘነበወርቅ ሰፈር ታሪክ ከሥጋ ደዌ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1930ዎቹ በቦታው ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሆስፒታል ተሠርቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ሰፈሩም ስሙን ከዚያው ወሰደ። ያን ጊዜ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። ለሕክምና ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ብዙ ታማሚዎች ወደ ትውልድ መንደራቸው መመለስ ስላልቻሉ በአካባቢው ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እዚያው ይኖራሉ። በ1965 በዚሁ ቦታ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌና የተሃድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ማለትም አለርት ተመሠረተ። በኋላ ቲቢም በማዕከሉ ስም ውስጥ ገብቷል።

አህሪ የተቋቋመው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ ሲሆን፣ ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋርም የሥራ ትስስር ነበረው። የመጀመሪያው ኃላፊ የሰውነት መከላከያ ተመራማሪው ሞርተን ሐርቦ ሲሆን፣ ቶሬ ጎዳል ተክቶታል። ጎዳል በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራምን መርቷል፤ የዓለም የክትባት ጥምረት (ጋቪ) የመጀመሪያው ሥራ አስፈጻሚም ሆኗል። በ2004 አህሪ በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ገባ። በ2016 ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም ሆነ።

ተመራማሪን የሚያስቸግር ባክቴሪያ

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም። የሚራባውም እጅግ በዝግታ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። ብዙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይህን በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ይጨርሳሉ። ስለዚህ በሽታው በሰው ላይ እስኪታይ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በ1960 በአይጥ እግር መዳፍ ውስጥ ማራባት እስኪቻል ድረስ ባክቴሪያውን ከሰው ውጭ ለማጥናት አስተማማኝ ዘዴ አልነበረም። ተመራማሪዎች ላቦራቶሪውን ታማሚዎች ካሉበት ሆስፒታል አጠገብ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰውነት መከላከያ ጥናቶች

የሥጋ ደዌ በሁሉም ሰው ላይ አንድ መልክ የለውም። በአንደኛው ጫፍ ቱበርኩሎይድ የሚባለው ዓይነት አለ፤ በቆዳ ላይ ጥቂት የደነዘዙ ምልክቶች ይታያሉ፣ ባክቴሪያውም ጥቂት ነው። በሌላው ጫፍ ሌፕሮማተስ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ባክቴሪያው በመላ ሰውነት ቆዳ ላይ ተሰራጭቶ ይገኛል። ብዙ ታማሚዎች በሁለቱ መካከል ናቸው። ባክቴሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? የተቋሙ የመጀመሪያ ዓመታት ጥናቶች ያተኮሩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር።

ጎዳልና ባልደረቦቹ ከታማሚዎች ደም ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ለይተው ከሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር አገናኟቸው። ከቱበርኩሎይድ ታማሚዎች የተወሰዱት ሕዋሳት ባክቴሪያውን እንደሚያውቁት ነቅተው ተባዙ። ከሌፕሮማተስ ታማሚዎች የተወሰዱት ግን ምላሽ አልሰጡም። በ1971 የወጣው ይህ ውጤት የበሽታው መልክ በባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን በሰውየው መከላከያም እንደሚወሰን አሳየ።

በ1973 የታተመው ሌላ ጥናት ጥያቄውን ወደ ጤነኞች ወሰደው። ከታማሚዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ነገር ግን ምንም ምልክት የሌላቸው ሰዎች ደም ሲመረመር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለባክቴሪያው ምላሽ ሰጡ። ለባክቴሪያው ተጋልጠው የማያውቁት ግን ምላሽ አልሰጡም ወይም ደካማ ምላሽ ብቻ ሰጡ። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ ባክቴሪያው ከታማሚዎች ቁጥር ከሚገመተው በላይ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሁለተኛው፣ ባክቴሪያው ከሚደርስባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታመሙ ያሸንፉታል። ታማሚን ከሰው ማግለል በሽታውን የማያስቆም መሆኑ ከዚህ ውጤት ጋር ይስማማል።

መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ዋና መድኃኒት ዳፕሶን የሚባል እንክብል ነበር። ርካሽ ቢሆንም ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይወሰድ ነበር። በ1964 በማሌዢያ ዳፕሶንን የለመደ ባክቴሪያ መኖሩ ተረጋገጠ። ይህ የታየው ግን መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ነበር።

በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ከለንደን ባልደረባቸው ጋር በ1977 ያሳተሙት ጥናት የከፋ ዜና ይዞ መጣ። ዳፕሶን ወስደው የማያውቁ አዲስ ታማሚዎችም መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። ይህ ማለት የለመደው ባክቴሪያ በራሱ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው። በአንድ መድኃኒት ላይ የቆመው የቁጥጥር ሥራ አደጋ ላይ መሆኑን ከሌሎች አገሮች ማስረጃዎች ጋር አንድ ላይ አመለከተ። በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት አጥኚ ቡድን ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ። ይህ ጥምር ሕክምና በኢትዮጵያም በዓለምም ዛሬ ድረስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለታማሚዎች በነጻ ይታደላል።

ባክቴሪያው ከሞተ በኋላ የሚቀጥለው ጉዳት

ጥምር ሕክምናው ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የነርቭ ጉዳትን ግን ሁልጊዜ አያስቆምም። ከ1988 ጀምሮ አለርት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ 594 አዲስ ታማሚዎችን መዝግቦ እስከ 10 ዓመት ተከታተለ። ብዙዎቹ ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ነርቫቸው አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ ሌሎቹም ሕክምና ከጀመሩ በኋላ አዲስ ጉዳት ደረሰባቸው። ምክንያቱ ሪአክሽን የሚባለው ነው፤ የሰውነት መከላከያ በባክቴሪያው ቅሪት ላይ ተነሥቶ ነርቭንም አብሮ ይጎዳል። እጅና እግር የሚደነዝዘው፣ ቁስል ሳይሰማ የሚሰፋውና ዓይን መከደን የሚያቅተው በዚህ መንገድ ነው።

ለሪአክሽን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የራሱ አደጋ አለው። በ2014 የታተመ የአለርት የሕክምና መዝገብ ጥናት፣ ከባዱ የሪአክሽን ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከሞቱት አብዛኞቹ የሞቱት ለረጅም ጊዜ በተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ጠንቅ መሆኑን አሳየ። አማራጭ ለማግኘት በዚያው ሆስፒታል ሳይክሎስፖሪን ከሚባል መድኃኒት ጋር ማነጻጸሪያ ሙከራ ተደረገ። ሪአክሽን በያዛቸው 73 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2016 የታተመው ሙከራ የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል።

7ኛው የዘር ሐረግ

በኢትዮጵያ ከቲቢ ታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሽታው የሚታይባቸው ከሳንባ ውጭ ነው። በተለይ በአንገት ላይ ንፍፊት ሆኖ የሚወጣው ቲቢ በብዛት ይገኛል። ይህ ከብዙ አገሮች ይበልጣል። ለረጅም ጊዜ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ያልተፈላ ወተት ነበር፤ ምክንያቱም ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የሚባለው የከብት ቲቢ ባክቴሪያ በወተት ወደ ሰው ሊተላለፍና ንፍፊት ሊያመጣ ይችላል።

ይህን ለማጣራት በአብርሃም አሰፋ፣ በስቴፋን በርግና በሬቡማ ፍርዴሳ የሚመራ ቡድን ቡታጅራ፣ ጎንደርና ወልዲያን ጨምሮ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከሳንባና ከንፍፊት ቲቢ ታማሚዎች ናሙና ሰበሰበ። በ2013 የታተመው ውጤት በ964 ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በሁለቱም ዓይነት ታማሚዎች ላይ የተገኙት ዝርያዎች ስርጭት ተመሳሳይ ነበር። የከብቱ ባክቴሪያ ድርሻ ደግሞ እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የንፍፊት ቲቢ መብዛት በወተት አይገለጽም ማለት ነው።

ካልተጠበቀ አቅጣጫ ግን ሌላ ግኝት ወጣ። ከናሙናዎቹ ጥቂቶቹ ከዚያ በፊት ከሚታወቁት ስድስት ዋና የዘር ሐረጎች ከአንዱም ጋር አልገጠሙም። የጄኔቲክ ቅደም ተከተላቸው ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ በጥንታዊዎቹና ዘመናዊ በሚባሉት ዝርያዎች መካከል ተገንጥሎ የወጣ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ሆነው ተገኙ። በብዛት የታዩት በሰሜን ምሥራቅ ደጋ፣ በወልዲያ አካባቢ ነው። ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጅቡቲ በተገኙ ናሙናዎች ላይ ተመሳሳይ ቅርንጫፍ ተገልጾ ነበር። ዝርያው ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይገኝም። በ2016 ሌላ ቡድን «ኤቲዮፕስ ቬቱስ» የሚል መጠሪያ አቅርቦለታል፤ ትርጉሙም «ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ» እንደማለት ነው።

ግኝቱ ለሁለት ጉዳዮች ይጠቅማል። የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ቲቢ ከሰሃራ በታች ወዳሉ አገሮች የገባው በአውሮፓውያን ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር። በ2015 በኢትዮጵያ ባክቴሪያዎች ላይ የተደረገ የጄኔቲክ ጥናት ግን በሽታው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ በአካባቢው እንደነበረ አመለከተ። ሁለተኛው ሕክምና ነው። በ2015 በአማራ ክልል በሰሎሞን ይመርና ባልደረቦቹ የተደረገ ጥናት፣ በ7ኛው የዘር ሐረግ የተያዙ ሰዎች ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚዘገዩ አገኘ። ዝርያው በዝግታ ስለሚያድግ ሕመሙም ቀስ ብሎ ሊጀምር ይችላል። ሳል ቀላል መስሎ ሲቆይ ታማሚው በቤተሰቡና በጎረቤቱ መካከል ባክቴሪያውን እያስተላለፈ ይቆያል።

በ2020 ደግሞ በሩዋንዳና በኡጋንዳ 8ኛ የዘር ሐረግ መገኘቱ ተዘግቧል።

የከብት ቲቢ

የከብቱ ባክቴሪያ በሰው ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ማለት በከብቱ ላይ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በ2007 በጎበና አመኒና ባልደረቦቹ የታተመ ጥናት በማዕከላዊ ደጋ 5,424 ከብቶችን መርምሮ 13.5 በመቶ የሚሆኑትን ለበሽታው የተጋለጡ ሆነው አገኘ። ከውጭ በመጣው ሆልስታይን ዝርያ 22.2 በመቶ ሲደርስ፣ በአገር ዘቡ ከብት ግን 11.6 በመቶ ነበር። የወተት ምርትን ለማሳደግ ሆልስታይን ለሚያረቡ ሰዎች ውጤቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ወተትን አፍልቶ መጠጣት ከቲቢ ሌላ ብሩሴሎሲስን የመሳሰሉ በሽታዎችንም ይከላከላል።

መድኃኒት የለመደ ቲቢን የማከም ሙከራዎች

አህሪ ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ ከተሳተፉ ቦታዎች አንዱ ነበር። ሙከራው የተነሣው መድኃኒት የለመደ ቲቢ የያዘው ሰው 20 ወር ገደማ መታከም ስለነበረበት ነው። በ2019 የታተመው የመጀመሪያ ምዕራፍ ውጤት፣ ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከረጅሙ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ፤ በአጭሩ 78.8 በመቶ፣ በረጅሙ 79.8 በመቶ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ይሁንና አጭሩ ሕክምና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ የሚችል መርፌ ነበረው። በ2022 የታተመው ሁለተኛ ምዕራፍ መርፌውን አስወጥቶ ቤዳኩዊሊን የሚባለውን እንክብል አስገባ። ጥሩ ውጤት ያገኙት 83 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ መርፌ ያለውን ሕክምና ከወሰዱት ደግሞ 71 በመቶ ገደማ ነበሩ። የመስማት ችግርም ቀነሰ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ኢንስቲትዩቱ በአሁኑ ጊዜ በቲቢና በሥጋ ደዌ፣ ቁንጭር በሚባለው የቆዳ ሊሽማንያሲስ፣ በወባ፣ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎችና በአዳዲስ መድኃኒቶች ሙከራ ላይ ይሠራል፤ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችንም ያሠለጥናል። የተቋቋመበት በሽታ ግን አልጠፋም። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ይመዘገባሉ። ከቆዳ ቀለም ፈዘዝ ያለና የማይሰማ ምልክት የታየበት ሰው ቶሎ ቢታከም በሽታው ይድናል፤ የአካል ጉዳትም ሊቀር ይችላል።