የእግር ዝሆኔ ምርምር ታሪክ በወላይታ፤ ምርምሩም ለሕዝብ የተገለጸበት መንገድ

ከሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ወንዝና ወደ ጊቤ 3 ግድብ በሚያወርደው መንገድ የምትገኘው ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከደጋው የሚወርደውና ከቆላው የሚወጣው ሕዝብ በአንድ ስፍራ ይገናኛል። እንደዚህ ባለ ገበያ መካከል መዝገብና መርፌ የያዘ የዩኒቨርሲቲ ሰው መጥቶ «ለጥናት ደም እንወስዳለን» ቢል፣ አስተዋይ ገበሬ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ደሙ ለምን ይሆናል? ጥቅሙ ለማን ነው? እምቢ ያልሁ እንደ ሆነ ምን ይደርስብኛል?

እኛም ይህችን አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው፣ እነዚህ ጥያቄዎች በወላይታ ምድር እንዴት እንደ ተነሡና እንዴት እንደ ተመለሱ ለማየት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው የእግር ዝሆኔን ነው። ምክንያቱም የሕክምና ምርምር የሚያልፍባቸው ሦስት ደረጃዎች፣ ማለት መቍጠር፣ ማነጻጸርና መፈተን፣ በዚህ በአንድ በሽታ ታሪክ ውስጥ ተራ በተራ ይታያሉና ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

የመጀመሪያው ደረጃ፤ መቍጠር

ዝሆኔ የሚመጣው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ቢምቢ በምታስተላልፈው ክር መሰል ትል የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ግን ትልም ቢምቢም የሌለበት ነው። ኡመን የተባለው ሐኪም በኢትዮጵያ ገበያዎች እየተዘዋወረ የሰውን እግር በመመልከት በሽተኞችን ቈጠረ፤ ውጤቱንም በ1969 አሳተመ። ገበያ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት የማይመጣ ሰው ወደ ገበያ ይመጣልና።

ከዚህ በኋላ በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ወደ ፊት አስኬደው። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ባለና ዝናም በበዛበት አገር፣ በባዶ እግሩ በሚያርስ ሕዝብ ዘንድ መሆኑን አስተዋለ። በበሽተኞቹ ንፍፊት ውስጥም ከአፈር የመጡ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን አገኘ። ስለዚህ በሽታውን እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው።

በወላይታ ራሷ የተደረገው ቈጠራ በ2003 ታተመ። በዚያም ከመቶው ሕዝብ 5.46 የሚሆነው በዚህ በሽታ የተያዘ መሆኑ ተገለጸ። በ2006 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በሽተኛው ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ የወላይታ ዞንም በዚሁ ምክንያት በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር አመለከተ። እንግዲህ የቈጠራ ጥቅም ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የብቻው መዓት ነው ብሎ የሚሸሽገው ነገር የአገር ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛው ደረጃ፤ ማነጻጸር

ቈጠራው ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ቀረ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዐይነት አፈር ላይ በባዶ እግር እያረሱ ኖረው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ስለ ምን ጤነኛ ሆኖ ይቀራል? በ2007 የታተመ የቤተ ሰብ ጥናት በሰዎች መካከል ካለው የመታመም ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከዘር በሚወረስ ነገር የሚመጣ መሆኑን ገመተ። ይህን ለማረጋገጥ ከበሽተኛውም ከጤነኛውም ናሙና ተወስዶ መነጻጸር ነበረበት።

የጥናቱ ከባድ ጕዳይ እዚህ ላይ ነበር። በወላይታ በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚል እምነት ከጥንት አለ። በዚህም ምክንያት እግሩ ያበጠ ሰው ያለበት ቤት ልጆች ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ሳሉ የሚያገባቸው ሰው ያጡ ነበር። የተማረ ሰው ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ መጥቶ «የዘራችሁን ነገር እንመረምራለን» ያለ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ሲያማ የኖረውን በሳይንስ ማኅተም አጸናው ማለት ነው። እውነትን ለመፈለግ የተነሣ ምርምር የአንዲትን ልጃገረድ ትዳር ሊያፈርስ ይችል ነበር።

ስለዚህ ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ናሙናው ከመሰብሰቡ አስቀድሞ ሌላ ጥናት አደረጉ። ይኸውም ሕዝቡ ስለ ምርምር ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚፈራና ማንን እንደሚያምን በቃለ መጠይቅ መጠየቅ ነበር። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት፣ ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው በተነበበለት ወረቀት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በሚያውቀውና በሚያምነው ሰው ምክንያት ጭምር መሆኑ ነው። በወላይታም እንደዚህ ያለ የታመነ ወገን ነበረ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶዶ የተቋቋመውና የእግር ዝሆኔ ሕሙማንን የሚያክመው ማኅበር ነው። በዚያ ከሚሠሩት መካከል ቀድሞ ሕሙማን የነበሩ ሰዎች ይገኛሉ።

አገላለጹም መታረም ነበረበት። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን በአፈሩ የመጐዳት ዝንባሌው ነው፤ ዝንባሌው ያለበትም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩን ታጥቦ ጫማ ቢያደርግ አይታመምም። ይህ አባባል እውነቱን አይሸሽግም፤ ነገር ግን ለሐሜት መሣሪያ አያቀብልም። በ2012 የታተመው ዋና ጥናት 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጸረ፤ ከዚያም አባት፣ እናትና ልጅ በሆኑ 202 ቤተ ሰቦች ደግሞ አረጋገጠ። የተገኘውም ልዩነት የሰውነትን የመከላከያ ኀይል በሚያዝዘው የዘር ክፍል ውስጥ ነበር። ይህም ለቤሌ ገበሬ በቀላሉ ሲነገር፣ የአንዳንዱ ሰው አካል የአፈሩን ቅንጣት እንደ ጠላት ቈጥሮ ስለሚዋጋው እግሩ ይቈጣል፣ ያብጣልም ማለት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ፤ መፈተን

መንስኤውን ማወቅ ሕክምናውን መፈተን አይደለም። በሶዶ ለብዙ ዓመት የተሠራበት ሕክምና ቀላል ነበር፤ እግርን በሳሙናና ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ሕሙማኑም ተሽሎናል ይሉ ነበር። ነገር ግን ተሽሎኛል ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው በጊዜ ብዛትም፣ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱም ሊሻለው ይችላልና። ስለዚህ ሕክምናው ወዲያው የሚሰጠው ወገንና የሚቈይ ወገን መኖር አለባቸው፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆንም ሐኪሙ ሳይሆን ዕጣ መለየት አለበት። ሐኪሙ ከመረጠ ሳያውቀው እንኳ የሚያሳዝነውን ወይም የሚድን የመሰለውን ያስቀድማል።

ይህ ሥርዐት በሕክምና ዓለም በሰፊው የታወቀው በ1948 በእንግሊዝ አገር በታተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት ነው። በዚያ 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ 55ቱ መድኀኒቱንና የአልጋ ዕረፍትን፣ 52ቱ ዕረፍትን ብቻ አገኙ። የእግር ዝሆኔ ሕክምናም እንደዚሁ በዕጣ የተፈተነው ከወላይታ ርቆ፣ ያው በሽታ በሚገኝበት በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ ነበር። ውጤቱ በ2018 ታተመ። ከ696 ሕሙማን 351ዱ ሕክምናውን ወዲያው ጀመሩ፤ 345ቱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ።

ይህን ለገበሬው ለመግለጽ ከእቁብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በእቁብ ሁሉም ይደርሰዋል፤ ቀዳሚውን የሚለየው ግን ዕጣ ነው፤ ለምን ቀደመኝ ብሎ ሰብሳቢውን የሚከስስ የለም። ሆኖም ምሳሌው በአንድ ነገር ይጐድላል፤ የእቁብ ገንዘብ ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ የሚፈተን ሕክምና ጥቅም ግን ገና አልታወቀም። ይህን ልዩነት ሳይናገር እቁብን ብቻ የሚጠቅስ አስረጂ ሕዝቡን ያታልላል።

የፈተናውም ውጤት እንዲህ ነበር። እግሩ እየጋለና እያተኰሰ ሰውየውን ከአልጋ የሚያውለው ድንገተኛ ሕመም፣ በቈዩት ላይ በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲመላለስ፣ በታከሙት ላይ 19.4 ጊዜ ሆነ። ማለት ከመቶው 19 ያህል ቀነሰ። ይህ ቍጥር ሁለት ነገር ያስተምራል። ሕክምናው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ እግሩ ያበጠ ሰው ታክሞም ቢሆን ብዙ ቀን ይሠቃያል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና ገና ላልታመመው ልጅ የሚገዛው ጫማ ነው።

መደምደሚያ

በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ያለ ሰውየው ነጻ ፈቃድ እንዳይደረግ የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብና የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ወስነዋል። የወላይታው ታሪክ በዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። ፈቃድ ማለት ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው የገባው ነገር ነው። ማስረዳትም ከምርምሩ በፊት የሚያልፍ ሥነ ሥርዐት ሳይሆን ራሱ የምርምሩ ክፍል ነው።

እንግዲህ በቤሌ ገበያ ወደ ተነሡት ሦስት ጥያቄዎች እንመለስ። ደሙ ለምን እንደሚሆን በገበሬው ቋንቋ መነገር አለበት። ጥቅሙ ምናልባት ለእርሱ ሳይሆን ለልጅ ልጁ እንደሚሆን ሳይሸሸግ መነገር አለበት። እምቢ ቢል፣ ወይም ጀምሮ ቢተው፣ ሕክምናው እንደማይቋረጥበት መነገር አለበት። እኛ አራተኛ እንጨምራለን፤ ጥናቱ ሲያልቅ የተገኘው ውጤት ደሙን ለሰጠው ሰው ተመልሶ ይነገረው። 194ቱ በሽተኞችና 202ቱ ቤተ ሰቦች ለሳይንስ ሲሰጡ ያኖሩት አደራ ነውና፣ ነገ መዝገብ ይዘን ወደ ገጠር የምንወጣ ተማሪዎች ይህን አደራ አስበን እንድንወጣ ጓደኞቻችንን እናሳስባለን።